ድሮም ወገብዎን ያምዎት ከነበረ፦ በኒው ዮርክ የመኪና አደጋ ክስ «ከባድ ጉዳት»ን ለማስረዳት የሚረዳ መመሪያ

ድሮም ወገቡን ያመው የነበረ ሰው በመኪና ሲገጭ ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ «ይሄን ካወቁብኝ አለቀልኝ» የሚል ነው። ስለዚህ ለሐኪሙም፣ ለጠበቃውም፣ ለኢንሹራንሱም ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚገድለው ይሄ ዝምታ ነው።

የድሮ ሕመም ያለበት ሰው በኒው ዮርክ ሕግ ካሳ ማግኘት ይችላል። ያጠፋው ሾፌር የገጨው እርስዎን ነው። ወገብዎ ደካማ ከነበረም ያንኑ ደካማ ወገብ ነው ያገኘው፤ ለባሰበት መጠን ይጠየቃል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ከአደጋው በፊት እንዴት እንደነበሩ፣ ከአደጋው በኋላ ምን እንደሆኑ፣ ልዩነቱም ከየት እንደመጣ ማሳየት ነው። ይህንን በንግግር ብቻ ማሳየት አይቻልም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወረቀት መያዝ አለበት።

መመሪያው የተጻፈው ለኒው ዮርክ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለክስ «ከባድ ጉዳት» የሚባል መስፈርት የላቸውም። ሚኒሶታ የራሷ አላት፤ ከ4,000 ዶላር በላይ የሕክምና ወጪ፣ ዘላቂ ጉዳት፣ ወይም 60 ቀን የተለመደ ተግባርን ማከናወን አለመቻል ከመስፈርቶቹ መካከል ናቸው። የድሮ ሕመምን ከአዲሱ የመለየቱ ዘዴ ግን በየትኛውም ስቴት ይጠቅማል። መመሪያው ጠበቃ አይተካም፤ ጠበቃዎን ምን እንደሚጠይቁ ግን ያሳውቅዎታል።

ደረጃ 1፦ ሕጉ «ከባድ» የሚለውን ይወቁ

በኒው ዮርክ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ የነበሩበት መኪና ኢንሹራንስ የሕክምና ወጪዎን ይከፍላል። እግረኛ ከነበሩ የገጨዎት መኪና ኢንሹራንስ ይከፍላል። ይህ ኖ-ፎልት ይባላል። መሠረታዊው ሽፋን 50,000 ዶላር ነው። ከዚሁ ላይ የተቋረጠ ገቢዎ 80 በመቶ፣ በወር ቢበዛ 2,000 ዶላር፣ እስከ 3 ዓመት ይከፈልዎታል።

ለደረሰብዎት ሕመምና ስቃይ ያጠፋውን ሾፌር መክሰስ ከፈለጉ ግን አንድ በር ማለፍ አለብዎት። የስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 5102 ከባድ ጉዳት የሚላቸውን ዘጠኝ ዓይነቶች ይዘረዝራል። እነሱም ሞት፣ የአካል መቆረጥ፣ ጉልህ የመልክ መበላሸት፣ የአጥንት ስብራት፣ የጽንስ መጥፋት፣ የአንድን አካል አገልግሎት ለዘለቄታው ማጣት፣ በአካል አጠቃቀም ላይ የደረሰ ዘላቂና ቀላል ያልሆነ ገደብ፣ ዘላቂ ባይሆንም ጉልህ የሆነ ገደብ፣ በመጨረሻም ከአደጋው በኋላ ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 90 ቀን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የዕለት ተግባርዎን ማከናወን አለመቻል ናቸው።

አጥንትዎ በአደጋው ከተሰበረ በሩን አልፈዋል። አጥንትዎ ድሮም የሳሳ ቢሆን እንኳ ስብራት ስብራት ነው። ጭቅጭቁ ያለው በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ ነው። የአንገት፣ የወገብ፣ የትከሻና የጉልበት ጉዳት በአብዛኛው እዚያ ውስጥ ይወድቃል። የድሮ ሕመም የሚነሳውም በእነዚሁ ላይ ነው።

ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ወገኖቻችን አንድ የቆየ ፍርድ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1982 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት (የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት) የአንድ ታክሲ ነጂ ጉዳይ አየ። ሰውዬው ከአደጋው በኋላ በ24ኛው ቀን ወደ ሥራ ተመልሶ እንደ ድሮው በቀን 12 ሰዓት ይነዳ ነበር። ራስ ምታትና ማዞር እንዳለበትም ተናገረ። ፍርድ ቤቱ ይህ ከባድ ጉዳት አይደለም አለ። ልጆች የሚያሳድግ ሰው እያመመውም ቢሆን መሪ ይይዛል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ቶሎ ከተመለሱ የ90 ቀኑ መንገድ ይዘጋብዎታል። ሌሎቹ መንገዶች አሁንም ክፍት ናቸው። ሲመለሱ በምን ያህል ሰዓት እንደተመለሱ፣ ምን መሥራት እንዳቃተዎት፣ ስንት ጊዜ እያቆሙ እንደሚያርፉ ለሐኪምዎ ይንገሩና ይጻፍ።

የ90 ቀኑን መንገድ ከመረጡም የእርስዎ ቃል ብቻ አይበቃም። ሐኪም «እንዳይሠራ፣ እንዳያነሳ፣ እንዳይነዳ» ብሎ በዚያው ወቅት የጻፈው ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን የሕግ አንቀጽ ለመቀየር ክርክር ስለሚነሳ፣ አደጋው በደረሰብዎት ቀን የሚሠራው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ጠበቃዎን ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ቀኖቹ አያምልጡዎት

የኖ-ፎልት ማመልከቻው (ቅጽ ኤንኤፍ-2) አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ መድረስ አለበት። ሰው ከተጎዳ ወይም ንብረት ላይ ከ1,000 ዶላር በላይ ጉዳት ከደረሰ፣ ሾፌሩ በ10 ቀን ውስጥ ለስቴቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ቅጽ ኤምቪ-104 ያስገባል። ፖሊስ ሪፖርት መጻፉ ይህን አያስቀርም።

ክስ የመመሥረቻው ጊዜ በጥቅሉ 3 ዓመት ነው። የገጨዎት የከተማው መኪና ወይም አውቶቡስ ከሆነ ግን በ90 ቀን ውስጥ የቅድሚያ ማስታወቂያ ማስገባት ግድ ነው፤ ክሱም በ1 ዓመት ከ90 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ለቀጣሪ እየሠሩ ከተገጩ ሕክምናውን የሚሸፍነው በቅድሚያ የሠራተኛ ካሳ ኢንሹራንስ ነው። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ደግሞ ስለ ብላክ ካር ፈንድ (ለእነዚህ ሾፌሮች የሠራተኛ ካሳ የሚሰጥ ፈንድ) ይጠይቁ።

ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ስልክ የሚደውልልዎትን «ጠበቃ አለኝ፣ ክሊኒክ አለኝ» ባይ አይመኑ። ጠበቃ ሳይጠሩት አደጋ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያነጋግርዎት የስቴቱ የጠበቆች ደንብ አይፈቅድም። እንዲህ ያለው ሰው የሚወስድዎት ክሊኒክ ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት ሪፖርት የሚያትም ከሆነ፣ እውነተኛው ጉዳትዎ አብሮ ይጠረጠራል።

ደረጃ 3፦ ለሐኪሙ ሁሉንም ይናገሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ጉዳዩ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሙ በጻፈው ነገር ነውና።

በአደጋው ቀን ወይም በማግስቱ ይታከሙ። የሚያምዎትን ቦታ ሁሉ ይጥቀሱ። አንገት ይብሳል ብለው ጉልበትን አይተዉ። ጉልበትዎ በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ካልተጻፈና ከሦስት ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው፣ የኢንሹራንሱ ጠበቃ «ይሄ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም።

አሁን የባህላችን ነገር ይመጣል። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል አፋችን የለመደው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ሐኪሙ ሰላምታ መሆኑን አያውቅም። «ታካሚው ደህና መሆኑን ገልጿል» ብሎ ይጽፋል። ያቺ መስመር ኋላ ላይ ችሎት ፊት ትነበባለች። ምስጋናውን ለፈጣሪ ያድርሱ፤ ለሐኪሙ ግን በቀጥታ ይመልሱ፦ «ለመቀመጥ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የምችለው። ሌሊት ሁለት ጊዜ እነቃለሁ። ግራ እግሬ እስከ ጣቴ ይደነዝዛል።»

ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ። ልጅ የወላጁን ሕመም ያሳጥራል፤ አንዳንዱንም ወላጁ ራሱ በልጁ ፊት ይደብቃል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። በስልክም ቢሆን ያመጣሉ።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ክሊኒክ ሲገቡ የሚሞሉት ቅጽ ላይ «ከዚህ በፊት ይህ ቦታ ታሞብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አለ። እውነቱን ይሙሉ። «አዎ» ብቻ ብለው አይተዉት። መቼ እንደጀመረ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይነሳብዎት እንደነበር፣ ምን መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር፣ መቼ እንደተወዎት፣ ከሥራ አስቀርቶዎት ያውቅ እንደሆነ ያስረዱ። «ከአምስት ዓመት በፊት ዕቃ ሳነሳ ወገቤን አሞኝ ነበር፤ ለአንድ ወር ታከምኩ፤ ከዚያ በኋላ አደጋው እስኪደርስ ድረስ ሐኪም ቤት አልሄድኩም፤ በሳምንት ስድስት ቀን እነዳ ነበር» የሚል ታሪክ ለጉዳይዎ ጥሩ ነው። ያው ታሪክ ተደብቆ ሲገኝ ግን እውነት የተናገሩበትን ሌላውንም ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

ይገኛል ደግሞ። ኢንሹራንሶች የቀድሞ የካሳ ጥያቄዎችን የሚያዩበት የጋራ የመረጃ ቋት አላቸው። ክስ ሲመሠርቱም ስለዚያ የሰውነት ክፍል ያለውን የቀድሞ የሕክምና መዝገብ ለተከሳሹ ወገን የሚከፍት ፈቃድ ይፈርማሉ።

ወጌሻ ጋ ከሄዱ ወይም ጸበል ከገቡ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። እምነትዎን ማንም አይነካም። ችግሩ ወጌሻ መዝገብ አለመያዙ ነው። ለሁለት ወር ወጌሻ ብቻ ካሸዎት፣ በፍርድ ቤቱ ዓይን ለሁለት ወር አልታከሙም። ጎን ለጎን ሐኪሙም ይይዎት።

ደረጃ 4፦ «በፊት»ን የሚያሳየውን ሁሉ ይሰብስቡ

ሰው ስለ አደጋው ማግስት ብዙ ወረቀት ይይዛል። ስለ አደጋው ዋዜማ ግን ምንም የለውም። የድሮ ሕመም ባለበት ጉዳይ ላይ የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው።

ከቤተሰብ ሐኪምዎ ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ይጠይቁ። በመዝገቡ ውስጥ ወገብ ያልተጠቀሰባቸው ቀጠሮዎች በራሳቸው ማስረጃ ናቸው። ለደም ግፊት በየጊዜው እየሄዱ አንድም ቀን ስለ ወገብ ካላነሱ፣ ወገብዎ ያስቸግርዎት አልነበረም ማለት ነው።

ትልቅ መኪና የሚነዱ ከሆነ ለሲዲኤል (የትልቅ መኪና መንጃ) ፈቃድ የሚደረገው የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ) የጤና ምርመራ አለ። ምርመራው የአከርካሪና የእጅ እግር ሁኔታን ያያል። ከአደጋው በፊት «ብቁ» የሚል የምስክር ወረቀት ካለዎት ቅጂውን ያውጡ።

ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዱ ከሆነ አፑ ውስጥ ያለው የጉዞ ታሪክ ወርቅ ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት ኦንላይን እንደነበሩ፣ ስንት ጉዞ እንደሠሩ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለዳኞቹ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የግብር ወረቀቱንም ይጨምሩ። ገቢዎን ለግብር አሳንሰው ካሳወቁ ግን ለካሳ ሲሆን አብዝተው መናገር አይችሉም።

ኢትዮጵያ ታክመው ከነበረ መዝገቡን ያስመጡ። በተለይ አዲስ አበባ የተነሡት ኤምአርአይ ካለ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲዲው ወይም ፊልሙ ይምጣ። የድሮውና የአዲሱ ምስል አንድ ሬዲዮሎጂስት (ምስል አንባቢ ሐኪም) ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ፣ ከሌላ ማስረጃ ሁሉ የሚበልጥ መልስ ይሰጣሉ። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ካለ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ተርጓሚውም ችሎታውንና የትርጉሙን ትክክለኛነት በቃለ መሐላ ማረጋገጥ አለበት።

የዕለት ኑሮዎንም አይርሱ። «የተለመደ ተግባር» ሲባል ሥራ ብቻ አይደለም። ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሱ የነበሩ ሰው አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያስቀድሱ ከሆነ፣ ስግደት ካቆሙ፣ ሶላት ላይ ሱጁድ መውረድ ካቃተዎት፣ እንጀራ መጋገር ትተው መግዛት ከጀመሩ፣ ልጅ ማቀፍ ካልቻሉ፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። በፊት ያዩዎትና አሁንም የሚያዩዎት ሰዎች መመስከር ይችላሉ። ከባለቤትዎ ይልቅ የሥራ ባልደረባ ወይም አብሮዎት የሚያስቀድስ ሰው ቃል የበለጠ ይታመናል። ስማቸውንና ስልካቸውን ከአሁኑ ይያዙ።

ደረጃ 5፦ ጉዳቱ በቁጥርና በምስል ይታይ

«ያመኛል» የሚለው ቃል ብቻውን የትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለት መንገድ አስቀመጠ። ሐኪሙ የጎደለውን እንቅስቃሴ በቁጥር ይገልጻል፤ ወይም ከጤነኛ አሠራር ጋር አነጻጽሮ ምን ማድረግ እንደማይችሉ ያብራራል። ሁለቱም በምርመራ ላይ መመሥረት አለባቸው።

ቁጥሩ ምን እንደሚመስል እንይ። ሐኪሙ ጎኒዮሜትር የተባለውን መለኪያ ይዞ ወደ ፊት አጎንብሱ ይልዎታል። ሪፖርቱ ላይ «ወገብ ወደ ፊት መታጠፍ 35 ዲግሪ» ብሎ ከጻፈ ጎዶሎ ነው። «35 ዲግሪ፤ መደበኛው 60 ዲግሪ፤ በጎኒዮሜትር የተለካ» ሲል ነው የሚሞላው። መደበኛው ካልተጻፈ ፍርድ ቤቱ 35 ትንሽ ይሁን ብዙ አያውቅም። ሪፖርትዎን ሲቀበሉ እነዚህ ሦስት ነገሮች መኖራቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ልኬቱ ከአደጋው ብዙም ሳይቆይ ቢደረግ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ምርመራ የግድ በቁጥር መሆን የለበትም ብሏል። ቢሆንም ሐኪም በዚያው ሰሞን አይቶዎት ምልክቶቹን ጽፎ መገኘት አለበት። ክርክሩ ሲደርስ ደግሞ አዲስ ልኬት ያስፈልጋል።

ኤምአርአይ አይዘግይ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትኩስ ጉዳት አጥንትና ጅማት አካባቢ እብጠትና ፈሳሽ ያሳያል፤ ይህ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይጠፋል። ከስምንት ወር በኋላ የተነሣ ምስል ላይ የሚቀረው ለአሮጌውም ለአዲሱም የሚሆን የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መውጣት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው የአጥንት ጫፍ ላይ የሚበቅለው ትርፍ አጥንትና የዲስክ መድረቅ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በኋላ በተነሣ ምስል ላይ ከታዩ ከአደጋው አልመጡም። ይህንን የእርስዎ ሐኪም ራሱ ማመን አለበት። ካደ የኢንሹራንሱ ሬዲዮሎጂስት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል።

እግር ወይም እጅ ከደነዘዘ የነርቭ ምርመራ (ኢኤምጂ) ይጠይቁ። ከጉዳቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ሲደረግ የተሻለ ያሳያል።

ደረጃ 6፦ ሐኪምዎ ስለ ድሮው ሕመም ፊት ለፊት ይመልስ

የኢንሹራንሱ ወገን ሪፖርት ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ላይ ይቆማል፦ ዲጄኔሬቲቭ። በዕድሜ ያረጀ ነው፣ ከአደጋው አይደለም ለማለት ነው። የእርስዎ ሐኪም «ጉዳቱ ከአደጋው ነው» ብቻ ብሎ ካለፈ ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጉዳይ የተዘጋው እንዲህ ነው፤ ከሳሿ የቆየ የጀርባ ችግር ነበረባት፣ ማስረጃዋ ግን ከዚያ ታሪክ አንጻር የአሁኑ ሕመም እንዴት ከአደጋው እንደመጣ አላብራራም። በ2005 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሦስት ጉዳዮችን አንድ ላይ አይቶ ይህንኑ አጠነከረ። በምስል የተረጋገጠ የዲስክ ጉዳት ቢኖር እንኳ፣ የድሮ ሕመም፣ በመሃል የገባ ሌላ በሽታ፣ ወይም ያልተብራራ የሕክምና መቋረጥ ጉዳዩን ሊያዘጋው ይችላል አለ።

ስለዚህ ሐኪምዎ የድሮውን መዝገብ ማንበቡን በጽሑፍ ይግለጽ። መዝገቡን ራስዎ ይውሰዱለት። ከዚያ ሪፖርቱ የሚከተሉትን ይመልስ፦ ከአደጋው በፊት ምን ነበረ? ምልክት ነበረው ወይስ ዝም ብሎ የተኛ ነበር? አደጋው ምን ጨመረበት? ይህን ያለው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? መልሱ ሲጻፍ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ታካሚው ከአደጋው በፊት በታችኛው ወገብ ላይ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የዲስክ መድረቅ ነበረበት። ያለፉት አራት ዓመታት መዝገብ ግን ሕመምም ሕክምናም አያሳይም፤ ሙሉ ሰዓት ይሠራ ነበር። አደጋው ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት የጡንቻ መኮማተርና የግራ እግር መደንዘዝ ተገኝቷል። የነርቭ ምርመራው በዚያው ደረጃ የነርቭ ሥር መነካትን አሳይቷል። በእኔ አስተያየት አደጋው ምልክት ያልነበረውን ሁኔታ ቀስቅሶ አባብሶታል።»

እዚህ ውስጥ የተካደ ነገር የለም። የድሮው በስሙ ተጠርቷል፤ አዲሱም ተለይቶ ቆሟል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገልዎት፣ የቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ያየው የትኩስ መቀደድ ምልክት ካለ በሪፖርቱ ይግባ። ሪፖርቱ ፍርድ ቤት የሚሠራው ሐኪሙ በሕጉ መሠረት አረጋግጦ ከፈረመበት ነው፤ ያልተፈረመ ወረቀት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የድሮው ጉዳት ራሱ ከሌላ የመኪና አደጋ የመጣ ከሆነ ሥራው ይበዛል። ሐኪሙ ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የተለካውን እንቅስቃሴ ካሁኑ ጋር ማነጻጸር አለበት። ያኔ «ዘላቂ ጉዳት ደርሶብኛል» ብለው ከሰው ከነበረ ያ ወረቀት ይወጣል። ለጠበቃዎ ቀድመው ይንገሩ።

ደረጃ 7፦ ሕክምና ካቆሙ ምክንያቱ ይጻፍ

ኖ-ፎልት ሲቋረጥ ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒውን ይተዋል። ከኪሱ መክፈል አይችልማ። ኢንሹራንሱ ግን «ስለዳነ ተወ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤቱ የኖ-ፎልት ክፍያ ተቋረጠብኝ ማለት በቂ ምክንያት ነው ብሏል። የተቋረጠበትን ደብዳቤ ይያዙ። ሐኪምዎ ደግሞ «ከዚህ በኋላ ቴራፒው ማስታገሻ እንጂ ለውጥ አያመጣም» ካለ፣ ይህንኑ በመዝገቡ ይጻፍ። በ2005 ከታዩት ሦስቱ ጉዳዮች አንዱ የዳነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለቅሶ ወይም ሠርግ ወደ አገር ቤት ከሄዱ የቀኖቹን ቲኬት ያስቀምጡ። እዚያ ሐኪም ካዩ ወረቀቱን ይዘው ይምጡ። ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። በቤት ውስጥ የሚሠሩትን እንቅስቃሴም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ የድሮው መባባስ በክሱ ውስጥ ይጠቀስ

ይሄን ከጠበቃዎ ጋር ቁጭ ብለው ያረጋግጡ። ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ተከሳሹ የጉዳቱን ዝርዝር ይጠይቃል፤ ጠበቃዎ ቢል ኦፍ ፓርቲኩላርስ የሚባለውን ሰነድ ያዘጋጃል። የቀድሞ ሕመም መባባሱ እዚያ ላይ በግልጽ መጠቀስ አለበት። ካልተጠቀሰ በኋላ ለመባባሱ ካሳ መጠየቅ ሊከለከሉ ይችላሉ። የትኛው የሰውነት ክፍል፣ ከዘጠኙ ዓይነቶች የትኞቹ እንደሚጠቀሱም ያንብቡ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ያስተርጉሙት።

ደረጃ 9፦ የኢንሹራንሱ ሐኪምና የቃለ መሐላ ጥያቄ

ኢንሹራንሱ በራሱ ሐኪም ያስመረምርዎታል። የኖ-ፎልቱን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ከቀሩ ሽፋኑን ሊያጡ ይችላሉ። ምርመራው ስንት ሰዓት እንደጀመረና እንዳለቀ፣ በመለኪያ ይለካ ወይም በዓይን ብቻ ያይ እንደነበር ወዲያው ይጻፉ። ክስ ከተመሠረተ በኋላ በሚደረገው ምርመራ ወኪልዎ አብሮ መግባት ይችላል። ሕመሙን አያጋንኑ። ሐኪሙ ፊት እያነከሱ ገብተው በመኪና ማቆሚያው ውስጥ እየተራመዱ ሲሄዱ የሚቀርጽ ሰው ሊኖር ይችላል።

ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ በቃለ መሐላ ይጠይቅዎታል። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ እንግሊዝኛ ቢችሉም ሕመምን በራስ ቋንቋ መግለጽ ይሻላል። «ከዚህ በፊት ወገብዎን አሞዎት ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ደረጃ 3 ላይ ለሐኪሙ የተናገሩትን እዚህም ይድገሙ። ካላስታወሱ «አላስታውስም» ይበሉ፤ «በጭራሽ» አይበሉ።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ለጓደኞች ብቻ የተከፈተ የፌስቡክ ይዘትም ለጉዳዩ አግባብ ካለው ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። ሠርግ ላይ አንድ ዘፈን እስክስታ ወርደው ሦስት ቀን አልጋ ላይ ቢውሉ፣ ቪዲዮው የሚያሳየው እስክስታውን ብቻ ነው። የተለጠፈውን ግን አያጥፉ፤ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ችግር ነው።

ደረጃ 10፦ ጉዳዩን ለመዝጋት የሚቀርበው ጥያቄና ከዚያ በኋላ ያለው

ብዙ የአንገትና የወገብ ጉዳይ የሚወሰነው ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፊት ሳይደርስ ነው። ተከሳሹ «ከባድ ጉዳት የለም፣ ያለውም የድሮ ነው» ብሎ ዳኛው እንዲዘጋው ይጠይቃል። መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ካስረዳ ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞራል። እስካሁን የሰበሰቡት ሁሉ የሚፈለገው ያኔ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርመራ፣ ምስሎቹ፣ የቅርብ ጊዜ ልኬት፣ የሐኪሙ መልስ፣ የመቋረጡ ምክንያት። የእርስዎና የእሱ ሐኪሞች በማስረጃ ከተለያዩ ጉዳዩ ወደ ጁሪ ያልፋል።

የፍትሐ ብሔር ጁሪው ስድስት ሰው ነው፤ አምስቱ ከተስማሙ ይወሰናል። ዳኛው ስለ ድሮ ሕመም የሚሰጣቸው መመሪያ አለ፦ አደጋው የድሮውን ካባሰ ለባሰው መጠን ብቻ ይክፈሉ። ሰውነትዎ ከሌላው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ስለሆነ ጉዳቱ ቢከፋም ተከሳሹ በዚህ ነፃ አይወጣም። ስለዚህ መቶ በመቶውን ከአደጋው ነው ብለው አይጠይቁ። የጠየቁት ልክ ከማስረጃው ጋር ሲገጥም ጁሪው ያምንዎታል።

ስምምነት ከቀረበልዎ ቁጥሩን ብቻ አይዩ። የጠበቃው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ሲሶ ነው፤ የጉዳዩ ወጪም አለ። ሜዲኬድ፣ ሜዲኬር ወይም የሠራተኛ ካሳ ከከፈሉልዎት ከስምምነቱ ላይ ድርሻ ሊጠይቁ ይችላሉ። ከመፈረምዎ በፊት «ይህ ሁሉ ተቀንሶ እጄ የሚገባው ስንት ነው?» ብለው ጠበቃዎን በጽሑፍ እንዲመልስልዎት ይጠይቁ።